በትንሽ መኪና ወንበር ሥር ባስ መግጠም፦ ከካርቶን ልኬት እስከ ሸዋ ሮቢት ሙቀት

ከሸኖ ወጥቶ በጫጫ ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን የሚነዳ የቪትዝ ባለቤት ይሄን በደንብ ያውቀዋል። ፍጥነቱ 80 ሲደርስ ዘፋኙ ይሰማል፣ ማሲንቆው ይሰማል፣ ከበሮው ግን የለም። ቴፑን ከፍ ሲያደርጉት ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ይመጣል እንጂ ከበሮው አይመለስም። የጎማውና የአስፋልቱ ጉርምርምታ ራሱ ዝቅ ያለ ድምፅ ነው። የዘፈኑን ወፍራም ድምፅ የሚውጠው እሱ ነው። በሩ ላይ ያሉት ስፒከሮች ደግሞ ትንንሽ ስለሆኑ ከ80 ኸርዝ (ኸርዝ የድምፅ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል) በታች እምብዛም ጉልበት የላቸውም።

ደግነቱ ትንሽ መኪና አንድ ጥቅም አላት። ጋቢናዋ ጠባብና የተዘጋ ስለሆነ ዝቅተኛውን ድምፅ ራሷ ታጎላዋለች። ሳሎን ውስጥ የማይሰማ ትንሽ ባስ መኪና ውስጥ ይበቃል። ስለዚህ የኋላውን ዕቃ መጫኛ በትልቅ ሳጥን መዝጋት አያስፈልግም። ለበዓል ከመንዝ በግ ጭኖ የሚመለስ ሰው ይሄ ነገር ይገባዋል።

እዚህ የምናየው ወንበር ሥር የሚገባውን፣ ማጉያው (አምፕሊፋየሩ) አብሮት ያለውን ጠፍጣፋ ባስ ነው። ምሳሌዬ ቪትዝ ናት፣ አሠራሩ ግን ለማንኛውም ትንሽ መኪና፣ ለባለ ሁለት በር ስፖርትም ቢሆን፣ ያው ነው። የእጅ ሙያ ያለው ሰው በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ሽቦ ነክቶ የማያውቅ ሰው ደግሞ ቢያንስ አንብቦት ኤሌክትሪሺያኑ አጠገብ ይቁም፤ ምን እየተሠራ እንደሆነ ያውቃል።

ዕቃውን መምረጥ

አዲስ አበባ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ብትወርዱ ካርቶኑ ላይ «1000 ዋት» የተጻፈበት፣ መጠኑ ከምሳ ዕቃ ብዙም የማይበልጥ ባስ ታገኛላችሁ። አትመኑት። እውነቱን የሚናገረው ፊውዙ ነው። ዕቃውን ገልብጡና ፊውዙ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። 10 አምፔር ከሆነ፣ ሞተር ተነስቶ 13.8 ቮልት ሲኖር ያለማቋረጥ ሊስብ የሚችለው 138 ዋት ገደማ ነው። በሙቀት የሚባክነው ሲቀነስ ለድምፅ የሚተርፈው 100 ዋት አካባቢ ይሆናል። ሻጩ ይሄን ስሌት ስትሠሩለት ዋጋው ላይ ትንሽ ለስለስ ይላል።

100 እውነተኛ ዋት ለቪትዝ ከበቂ በላይ ነው። ስፒከሩ 8 ኢንች፣ የዕቃው ውፍረት ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ደህና ነው። አካሉ የአሉሚኒየም ቢሆን ይመረጣል፤ ሙቀት ያስወጣል። ሁለት ነገር ደግሞ የግድ ይኑረው። አንደኛው ከስፒከር ሽቦ በቀጥታ ድምፅ መቀበል የሚችል መግቢያ ነው፤ ብዙ መኪኖች ይዘውት የመጡት ቴፕ የአርሲኤ መውጫ (ድምፅ ወደ ማጉያ የሚላክበት ክብ ሶኬት) የለውም። ሁለተኛው በሽቦ የሚመጣ የባስ መቀነሻ ቁልፍ ነው። እናታችሁን አሳፍራችሁ ስትሄዱ የዚህን ቁልፍ ጥቅም ታዩታላችሁ።

በካርቶን መለካት

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የዕቃውን ርዝመት፣ ወርድና ውፍረት ጠይቁ። በዚያው ልክ ከካርቶን ሳጥን ሥሩና ወንበሩ ሥር አስገቡት። ከዚያ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ፊት፣ ቀጥሎም እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ግፉት። ደልደል ያለ ሰው አስቀምጡበት። ካርቶኑ ከተጨፈለቀ ወይም ሐዲዱ ከነካው ያ ዕቃ አይሆናችሁም። ከላዩ ቢያንስ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ያስፈልጋል፤ ስፒከሩ ሲሠራ አየር ይገፋል፣ ማጉያውም ይሞቃል።

ከሁለቱ የፊት ወንበሮች የተሳፋሪው ይሻላል። የሹፌሩ ወንበር ሥር የተፈታ ዕቃ ተንሸራቶ ፍሬን ፔዳል ሥር ቢገባ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም። በጣም ዝቅ ያለ ባለ ሁለት ሰው ስፖርት መኪና ከሆነ ደግሞ ወንበሩ ወለሉ ላይ የተኛ ያህል ስለሆነ እጅ እንኳን አያስገባም። እዚያ ቦታው ከወንበሩ ጀርባ ወይም የተሳፋሪው እግር ጫፍ የሚያርፍበት ግድግዳ ነው።

ወንበር ሥር ቢጫ ሶኬት ካያችሁ እሱ የኤርባግ ወይም የቀበቶ መወጠሪያ ነው። አትንቀሉት፣ ሽቦውንም አትቁረጡት። ወንበሩን የግድ ማውጣት ካለባችሁ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ሶኬቱ ተነቅሎ ሳለ ቁልፍ አትክፈቱ፤ የኤርባግ መብራት በርቶ ይቀራል።

የባትሪው መስመር

ከመኪናው የሲጋራ መለኮሻ ወይም ከቴፑ ጀርባ ኃይል የሚወስዱ ሰዎች አሉ። ይሄ ትክክል አይደለም። የቴፑ ሽቦ ቀጭን ነው፤ ባሱ 10 አምፔር ገደማ በጠየቀ ቁጥር ይሞቃል። ራሱን የቻለ መስመር ከባትሪ ይምጣ።

ሽቦው 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ 8 ጌጅ የሚሉት ካገኛችሁ ደግሞ የተሻለ ነው። ስትገዙ ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ውስጡም ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። ሲፋቅ ነጭ ካወጣ ግን አሉሚኒየም መዳብ ተቀብቶ ነው። እሱ በዚያው ውፍረት ያነሰ ይሸከማል፤ እርጥበት ሲያገኘው ደግሞ ቶሎ ይበላሻል።

ሥራውን የባትሪውን ኔጌቲቭ በ10 ቁልፍ በመፍታት ጀምሩ። የቴፑ ኮድና ሰዓቱ ሊጠፋ ስለሚችል ኮድ ካለው አስቀድማችሁ ያዙ። ከዚያ ሞተሩን ከጋቢናው በሚለየው ግድግዳ ላይ የሽቦ መግቢያ ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ ከክሩስኮቱ ሥር የመኪናው ዋና ሽቦ የሚያልፍበት ወፍራም የላስቲክ ጎሚኒ አለ። ላስቲኩን ትንሽ ቀዳችሁ፣ የልብስ መስቀያ ሽቦ ቀጥ አድርጋችሁ አሳልፉ፤ አዲሱን ሽቦ ጫፉ ላይ በናስትሮ ጠቅልላችሁ ሳቡት። ግድግዳውን አዲስ ቀዳዳ ብትበሱት ያለ ጎሚኒ ሽቦ እንዳታሳልፉ። የብረቱ ጠርዝ በየጉድጓዱ እየነቀነቀ ሽቦውን ይልጠዋል። የተላጠ የባትሪ ሽቦ ማለት እሳት ነው።

ለዚህም ነው ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ የሚገባው፤ ቢበዛ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ። ዕቃው ላይ ያለው ፊውዝ ዕቃውን ነው የሚጠብቀው። ይሄኛው የሚጠብቀው ከባትሪ እስከ ወንበር የሚሄደውን ሽቦ ነው። ለ10 አምፔር ዕቃ 15 አምፔር ይበቃዋል። ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ሳይኖር «ሠርቻለሁ» ያለ ባለሙያ ካለ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ፊውዙን ያስገባ።

ከግድግዳው ያለፈውን ሽቦ በበሩ ጥግ ባለው የፕላስቲክ ክዳን ሥር አሳልፉት። ክዳኑ በጣት ሲሳብ ይነሳል፤ በብርድ ግን ፕላስቲክ ይሰበራል። ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት፣ ውርጭ ሳይለቅ አትንኩት። ፀሐይ ይምታው። ከፔዳሎቹና ከመሪው ዘንግ በጣም አርቁት፣ በፕላስቲክ ማሰሪያ እዚህም እዚያም ያዝ አድርጉት።

በነገራችን ላይ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ከሆነ ክሩስኮቱ ሥር ያለውን የሽቦ ቀለም አትመኑ። መሪውን ያዞረው ሰው ምን ከምን ጋር እንደቀጠለ እሱና ፈጣሪ ናቸው የሚያውቁት። ሁሉንም በቴስተር ለኩ። መኪናችሁ ኤሌክትሪክ ከሆነ ደግሞ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ መንገዱ ላይ እየበዙ ነውና፣ ብርቱካናማ ወፍራም ሽቦ በፍጹም አይነካም። ባሱ የሚገናኘው ከ12 ቮልቱ ባትሪ ብቻ ነው።

ማሳው

ከአስር የባስ ችግር አብዛኛው ከዚህ ነው የሚመጣው ብል ማጋነን አይሆንም። ማሳው፣ ማለትም ከባሱ ወጥቶ ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው የኔጌቲቭ ሽቦ፣ አጭር ይሁን፤ ከግማሽ ሜትር አይብለጥ። ከወንበሩ አጠገብ ምንጣፉን ገልጡና ከመኪናው አካል ጋር የተያያዘ ቡሎን ፈልጉ። የደህንነት ቀበቶ የታሰረበትን ቡሎን ግን ተዉት፤ እሱ ሰው ለመያዝ የተጠበቀ ነው።

ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ቡሎኑ የሚያርፍበትን ቦታ ነጭ ብረት እስኪታይ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት። የሽቦውን ጫፍ ቀለበት አስገቡለት፣ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ሲያልቅ ትንሽ ግሪስ ቀቡት፤ ክረምት ላይ ጭቃ ጫማ የሚገባበት ወለል ነው፣ ዝገት ይጀምረዋል።

ድምፁን ማምጣት

ቴፑ የአርሲኤ መውጫ ካለው ሥራው ቀላል ነው። የአርሲኤ ገመዱን በአንዱ ጎን፣ የባትሪውን ሽቦ በሌላው ጎን አሳልፉ። አንድ ላይ ከሮጡ የዲናሞው ፉጨት ድምፁ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከቴፑ የሚወጣው ሰማያዊ ነጭ መስመር ያለው ሽቦ ደግሞ ባሱን የሚያበራው ነው። ቴፑ ሲከፈት 12 ቮልት ይሰጣል፣ ሲዘጋ ይጠፋል። ይሄን ሽቦ ቀጥታ ከባትሪ ጋር የሚያገናኝ ሰው ባሱን ሌሊቱን ሙሉ አብርቶ ያድራል። ጠዋት በብርዱ ባትሪው ሲለግም ጥፋቱን ደብረ ብርሃን ላይ ያላክካል።

የአርሲኤ መውጫ ከሌለ ወደ ፊት በሮች ከሚሄዱት የስፒከር ሽቦዎች ትቀጥላላችሁ። ከግራ ሁለት፣ ከቀኝ ሁለት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ፦ የስፒከሩ ኔጌቲቭ ማሳ አይደለም። ከመኪናው አካል ጋር ብታገናኙት ቴፑ ሊቃጠል ይችላል።

የትኛው ፖዘቲቭ እንደሆነ ለማወቅ አንድ የቆየ ዘዴ አለ። ሽቦዎቹን ከቴፑ ጀርባ ንቀሏቸው። የግድግዳ ሰዓት ባትሪ፣ ያቺን 1.5 ቮልቷን፣ በሁለቱ ጫፍ ላይ ለቅጽበት ነካ አድርጉ። ስፒከሩ «ጥፕ» ይላል። የበሩን መሸፈኛ ገልጣችሁ ስታዩት ሾጣጣው ወደ ውጭ ከወጣ የባትሪዋ ፖዘቲቭ የነካው ሽቦ ፖዘቲቭ ነው። ወደ ውስጥ ከገባ ተቃራኒው። ምልክት አድርጉበትና ቀጥሉ። ቅጥያውን ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ለጊዜው ይሠራል፤ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ላይ ግን የናስትሮው ሙጫ ይቀልጥና ይላቀቃል። በሊድ በይዱት።

ብዙዎቹ ዕቃዎች በዚህ በኩል ሲገናኙ ድምፅ ሲያገኙ ራሳቸው ይበራሉ። ሰማያዊውን ሽቦ መፈለግ አያስፈልግም።

ማሰር

ወለሉን በብሎን እንዳትበሱ። ከወለሉ ሥር የነዳጅና የፍሬን ቱቦ ሊያልፍ ይችላል፤ አንዳንድ መኪና፣ ለምሳሌ ሆንዳ ፊት፣ የነዳጅ ታንኩ ራሱ ከፊት ወንበሮች ሥር ነው። ወፍራም ቬልክሮ ከሥሩ ለጥፉበት፣ ምንጣፉ ላይ ይነክሳል። ተጨማሪ ጠፍር በወንበሩ ሐዲድ እግር አሳልፋችሁ እሰሩት። የኋላ ተሳፋሪ የእግሩ ጫፍ እንዳይመታው ወደ ፊት ጠጋ ይበል። ወደ ኋላ ሙቀት የሚወስድ የአየር ቱቦ ካለ አትዝጉበት።

ማስተካከል

እስካሁን ያለው የእጅ ሥራ ነው፤ ይሄኛው የጆሮ ነው። ግማሹ ሰው ጥሩ ዕቃ ገዝቶ እዚህ ላይ ያበላሸዋል። ጥሩ ባስ ወንበር ሥር እንዳለ አይታወቅም። ከበሮው ከፊት፣ ከዘፋኙ አጠገብ የሚመታ ነው የሚመስለው። እንዲህ ካልሆነ ገና አልተስተካከለም።

ባትሪውን መልሳችሁ እሰሩ። ሞተሩን አስነሱ፣ መስኮት ዝጉ። የቴፑን ቤዝና ትሬብል ዜሮ ላይ አድርጉ። ባሱ ላይ ጌይን እስከ መጨረሻው ቀንሱ፣ ሎው ፓሱን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያሳልፈውን ቁልፍ፣ 80 ኸርዝ ላይ አድርጉ። ቴፑ የራሱ ሃይ ፓስ (ቀጭኑን ድምፅ ብቻ የሚያሳልፍ) ካለው የበሮቹን ስፒከሮች ከ80 በታች ቁረጡላቸው። ከማይችሉት ሥራ ሲገላገሉ ድምፃቸው ይጠራል።

መጀመሪያ ዘፈን ሳይሆን የሬዲዮ ዜና ክፈቱ። የአንባቢው ድምፅ ከወንበር ሥር «ቡምም» ካለ ሎው ፓሱ ከፍ ብሏል፤ ወደ 70 አውርዱት። የሰው ንግግር ባሱን ማስነሳት የለበትም። ዋሽንት ብቻ ያለበት ቁራጭም ጥሩ ፈተና ነው፤ ዋሽንት ሲነፋ እጃችሁን ባሱ ላይ ብታደርጉ ዝም ማለት አለበት።

ቀጥሎ ከበሮ ያለበት ዘፈን። ቴፑን ካለው ድምፅ ሦስት አራተኛ ድረስ ክፈቱ። ጌይኑን በጣም በዝግታ ከፍ አድርጉ። ከበሮው ሞላ ሲል ቁሙ። ከዚያ ትንሽ መልሱት። ጌይን የድምፅ መጨመሪያ አይደለም፤ ባሱን ከቴፑ ጋር ማስታረቂያ ነው። ሲበዛ ድምፁ ይቆረጣል፣ ስፒከሩ ይቃጠላል።

አሁን ፌዝ የምትለውን፣ የባሱን ምት የምትገለብጠውን ማብሪያ ማጥፊያ ከ0 ወደ 180 መልሱ። ሹፌሩ ቦታው ላይ ይቀመጥ፣ ሌላ ሰው ይቀያይር። አንደኛው ላይ ምቱ ጠንካራ ይሆናል፣ ሌላኛው ላይ ይሳሳል። ጠንካራው ትክክለኛው ነው። ልዩነቱ ካልተሰማችሁ ጌይኑ አንሷል ወይም የአንዱ በር ስፒከር ተገልብጦ ተገናኝቷል።

መሞከሪያውን ለጥ ባለ መንገድ ላይ አድርጉት። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ የዋሻው ነው። ከዋሻው ወጥታችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ደግሞ ቴፑን ቀንሱ። በትንሽ ማርሽ የሚወርድ መኪና ሞተሩም፣ ፍሬኑም፣ ከኋላ የሚመጣው የጭነት መኪናም መሰማት አለባቸው።

መንቀጥቀጡና ሌላው ጣጣ

ባስ ከገባ በኋላ መኪናዋ የማታውቁትን ድምፅ ታወጣለች። የታርጋዋ ብረት፣ የበሩ ኪስ ውስጥ ያለ ሳንቲም፣ የኋላ መስታወት። አንድ ሰው ዘፈኑን አስጀምሮ ይቀመጥ፣ ሌላው በመዳፉ እየተጫነ ይዙር። ድምፁ የጠፋበት ቦታ ጥፋተኛው ነው። ከሥሩ ቁራጭ ስፖንጅ ወይም ወፍራም የሱፍ ጨርቅ አድርጉበት፤ ብርድ ልብስ በሚሠራበት ደብረ ብርሃን ቁራጭ ሱፍ አይጠፋም። ለዚህ ፍለጋ ግን በገና አትክፈቱ። በጅማቱና በድልድዩ መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ ራሷ የምትነዝር ድምፅ ስለምታወጣ መኪናው ይሁን በገናው አይለይም።

ነዳጅ በሰጣችሁ ቁጥር ከፍ የሚል ፉጨት ካለ ወደ ማሳው ተመለሱ። ብረቱን ደግማችሁ ፈግፍጉ። ካልጠፋ የአርሲኤ ገመዱ ከባትሪው ሽቦ መራቁን እዩ።

ፊውዙ በተደጋጋሚ ከተቃጠለ በትልቅ አትተኩት። የሆነ ቦታ ሽቦ ብረት እየነካ ሊሆን ይችላል።

ሸዋ ሮቢት ላይ መኪና ፀሐይ ላይ ቆማ ስትከፍቱት ባሱ ለጥቂት ጊዜ ሠርቶ ዝም ካለ አትደንግጡ። ሞቆት ራሱን ዘግቶ ሊሆን ይችላል። መስኮት ክፈቱ፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ደብረ ብርሃን ላይ ተቃራኒው ነው፤ ጠዋት የስፒከሩ ዙሪያ ላስቲክ ደርቆ ስለሚያድር ሞተሩ እስኪሞቅ ቀስ ብሎ ይዘፈን። ሞተር ጠፍቶ ረጅም ሰዓት መስማት ደግሞ ለትንሽ ባትሪ አይሆንም፤ በብርድ ባትሪ አቅሙ ይቀንሳል። ቴስተር ካላችሁ ለኩት፤ ሞተር ጠፍቶ ትንሽ ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው፤ ወደ 12 ከወረደ ቴፑን ዝጉ።

የመጨረሻው አደጋ ላቫጆ ነው። ልጆቹ ምንጣፉን አውጥተው ወለሉን በውሃ ጎማ ያጥቡታል፤ ወንበር ሥር ምን እንዳለ አያዩም። መኪናዋን ስትሰጡ «ወንድሜ፣ ከፊት ወንበር ሥር ውሃ እንዳታስገባ፣ በጨርቅ ብቻ» በሏቸው። ከረጠበ ባትሪው አጠገብ ያለውን ፊውዝ ንቀሉ፣ ባሱን አውጥታችሁ ጥላ ላይ አየር በሚገባበት አድርቁት፤ የምንጣፉ ሥር ስፖንጅ በደንብ ሳይደርቅም መልሳችሁ አትግጠሙት።